ለትንሽ እጅ የተሰፋ ጓንት

ያኔ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቦርሳዋን በሩ ሥር ጣለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም ኮለምበስ አጠገብ ኒው አልባኒ ካለው መጋዘን ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ስነዳ ውዬ ገና መግባቴ ነበር። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ናቲንግ» አለች፤ ምንም ማለቷ ነው። እኛ ቤት ናቲንግ ከተባለ ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው። ጃኬቴን እንደለበስኩ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ከክፍል በኋላ የምትቆይበት የጠፈር ክበብ አለ። የክበቡ ልጆች በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ጠፈርተኞች ከመንኮራኩራቸው ውጭ የሚሠሩትን ሥራ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሠርተው ለወላጅ ያሳያሉ። ሁለት ልጆች ውሃው ውስጥ ገብተው «ይወጣሉ»፤ አንድ ልጅ ደግሞ መንኮራኩሩ ውስጥ እንዳለ ሰው ዳር ተቀምጦ የሥራውን ቅደም ተከተል በማይክሮፎን ያነብላቸዋል። ልጄ ብርዱን ወራት ሁሉ የተዘጋጀችው ለመውጣት ነው። የዚያን ቀን ፈተና ነበር፤ ወፍራሙን ጓንት አጥልቆ ሦስት ብሎን ማሰር። ክበቡ ያለው ጓንት በሙሉ አንድ ልክ ነው፣ ላርጅ። የእሷ ጣት የጓንቱ ጣት አጋማሽ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶውን ይንጠለጠላል። ብሎኑ ሦስት ጊዜ አመለጣት። መምህሯም በትሕትና፣ ፈገግ ብላ፣ «አንቺ ውስጥ ሆነሽ ብታነቢ ይሻላል፤ እሱም በጣም አስፈላጊ ሥራ ነው» አለቻት።

በጣም አስፈላጊ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ። እኔንም መጋዘን ውስጥ ለሺፍት መሪነት ሳመለክት «አንተ እዚያው ፎርክሊፍቱ ላይ በጣም አስፈላጊ ነህ» ብለውኛል። ሰውን ከሚፈልገው ቦታ ሲያነሱት የሚሰጡት ከረሜላ ናት።

«ጓንቱ አልሆነም ተብሎ ልጅቷ ትቀየራለች?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሚስቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፎርክሊፍት ነጂ የሆንኩት አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከመጣሁ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዛሬም ከቤታችን ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ የስፌት መኪና አለኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሱሪ ሲረዝመው፣ ቀሚስ ሲጠባት ወደ እኔ ይመጣል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። አንደኛው፣ «ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «በንዴት መቀስ አይያዝም» የሚል ነው። የመጀመሪያውን እንደ እምነት ይዤዋለሁ። ሁለተኛውን ግን በቁጣዬ ምክንያት በቅጡ ይዤው አላውቅም።

የተናደድኩት ልጅቷ ስላዘነች ብቻ አልነበረም። እንዴት እንደለፋች ስላየሁ ነው። የጠፈርተኞችን ሥራ ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስፔስ ዎክ፣ የጠፈር እርምጃ፣ ይሉታል፤ መራመድ ግን የሚባል ነገር የለበትም። ቪዲዮውን አሳይታኛለች፤ እግራቸው እንደ እርጥብ ልብስ ከኋላቸው ተንጠልጥሎ ይከተላል እንጂ የሚሄዱት በእጃቸው ነው፣ ከአንዱ እጀታ ወደ ሌላው እየያዙ። ልብሱ በአየር የተነፋ ስለሆነ ጣት ማጠፍ ራሱ ኳስ እንደመጭመቅ ነው። ይህን ስድስት ሰዓት ሰባት ሰዓት ሲሠሩ ይውላሉ፤ ጥፍራቸው የሚነቀልባቸው አሉ። እንግዲህ እዚያ ላይ ጓንቱ ጫማም ነው፣ መሰላልም ነው። የእነሱ ጓንት በየእጃቸው ልክ ተመርጦ፣ ተስተካክሎ ነው የሚሰጣቸው። ልጆች ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም ሰው ላርጅ የሚሆነው።

ለመውጣት የሚዘጋጁት ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይደለም። ትልቅ ገንዳ ውስጥ ክብደትና ስፖንጅ እያሰሩባቸው ሰውየው ወደ ታችም እንዳይሰጥም፣ ወደ ላይም እንዳይንሳፈፍ ያደርጉታል። ከዚያ ያንኑ አንድ ብሎን በዓይነ ኅሊናው እስኪያየው ድረስ ያስፈቱታል፣ ያሳስሩታል። የመውጫው ቀን ሲደርስ ደግሞ አስቀድመው ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አስቀድሞ ካልወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ማንም ብቻውን አይወጣም። ማንም በራሱ ልብስ ቁልፍ ላይ አይተማመንም፤ ጓደኛው ያይለታል። ከውስጥ ያለው ሰው አንድ መስመር ያነባል፣ የወጣው ሰው ያንኑ መስመር መልሶ ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጁን ያንቀሳቅሳል።

ልጄ ይህን ሁሉ ቤታችን ውስጥ ትለማመደው ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑ ካለ ሱቅ ሁለት የውሻ ማሰሪያ ገዝታ መንጠቆአቸውን ተራ በተራ የደረጃው እጀታ ላይ እያሰረች ትወጣለች፤ ሁለተኛው ሳይታሰር የመጀመሪያው አይፈታም። ሾርባ አማስይ ስትባል ማንኪያውን በክር ከእጇ አንጓ ጋር ታስረዋለች፤ እዚያ ላይ ያመለጠ ዕቃ አይመለስምና። እናቷ «ይቺ ልጅ ጤና የላትም» ትል ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ነገር እንደ እነዚህ ሰዎች አጥብቆ የያዘ አላየሁም።

ከሁሉም የወደድኩት የጓንቱን ደንብ ነው። ጠፈር ላይ የሚበሩ ደቃቅ ድንጋዮች እጀታውን እየመቱ ስለታም ጠርዝ ያበጁበታል። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ ከውስጥ ያለው ድምፅ «ጓንታችሁን እዩ» ይላል። ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው መዳፋቸውን፣ ጣት ለጣት፣ ያያሉ፤ ያዩትንም ይናገራሉ። የተቀደደ፣ የተተረተረ ነገር ካለ ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል። ክርክር የለም። ወደ ቤት ይገባል።

የዚያን ማክሰኞ ሚስቴ ነገሩን ስትሰማ ሽንኩርት የያዘ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። «እኛ ሥራ ቦታ ግድግዳው ላይ አራት ሳይዝ ጓንት ተደርድሯል» አለች። «ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ኤክስትራ ላርጅ። የአንድ ሽማግሌ ገላ ለማጠብ! ጠፈር ለምትወጣ ልጅ ግን አንድ።»

እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረችበት። በማግስቱ በምሳ ብሬኬ ለትምህርት ቤቱ ደወልኩ። መልእክት አስቀምጡ የሚል ማሽን አነሳው። እንግሊዝኛዬ ስረጋጋ ደህና ነው፤ ስናደድ ግን ጥሎኝ ይጠፋል። «ማይ ዶተር፣ ሀር ሃንድ…»፣ ልጄ፣ እጇ፣ ከማለት አላለፍኩም። ስልኩን ስዘጋ ይበልጥ ተናደድኩ፤ አሁን ደግሞ እኔም ተዋርጄ ነው።

ከዚያ ማንም የእኛ አገር ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ታላቁን ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። እኚህ ሰው በዚህ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ ወንድማማች፣ የማያስታርቁት የለም። «ጋሼ፣ ልጄ ተበደለች» አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መምህሯ ክፉ ሴት ናት?» አሉኝ። «አይደለችም» አልኩ፤ እውነቱ እሱ ነው። «እንግዲያው ይፈታል» አሉ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሦስት ሆነው፣ ከነከረባታቸው ትምህርት ቤቱ መጡ። ሁለተኛው ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው፤ ሦስተኛው እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ የተመረጠ የመጋዘን ባልደረባዬ ነው። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ የሕንፃውን በር አፍጥጬ አየሁ።

ውስጥ የሆነውን ባልደረባዬ ኋላ ነገረኝ። መምህሯ ወጥታ በደስታ ተቀበለቻቸው፤ ወንበርም ሳበችላቸው። ታላቁ ሽማግሌ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደቆሙ፣ «የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም በላት» አሉት። እሱም ቃል በቃል፣ «ዊ ዊል ኖት ሲት» አላት። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰው ልትጠራ ስልኳን አነሳች። መምህሯ አንድ ሰው የሞተ መስሏት ፊቷ ነጣ። ልጄ ከክፍል ተጠርታ መጣችና ሦስቱን ስታያቸው መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

የባልደረባዬ እንግሊዝኛ እዚያ ላይ ስላለቀ እሷ እንድታስተረጉም አደረጓት። ታላቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ ጥፋቱን በራሳቸው ወገን አድርገው ጀመሩ፤ «ልጃችን አጥፍታ ከሆነ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።» ልጄ መሬት መሬት እያየች አስተረጎመች። መምህሯ ደንግጣ «ምንም አላጠፋችም፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። «እንግዲያው ጥፋቱ የጓንቱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ጓንቱን ደግሞ አባቷ ያርመዋል። ፍቀጂለት።» መምህሯ ልጄን አየቻት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የተከመረውን ጓንት አየች፣ ከዚያ «እሺ» አለች። ያኔ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ።

መምህሯ ራሷ አንድ ጥንድ ጓንት ይዛ እስከ መኪናዬ መጣች። ትንሽ ልክ እንዳለ ጠይቃ የለም እንደተባለች፣ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ እንደነበረባት ነገረችኝ። የጨርቁን ንብርብር ሳልቀንስ ካጠበብኩት፣ ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንደምትፈተንም ቃል ገባችልኝ። አመሰገንኳት። ልቤ ግን አልበረደም። ታዲያ ለምን ሁለተኛ ጊዜ አልጠየቅሽም? ሦስት ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎች ቆመው ካልለመኑ አንድ ሕፃን ልኳን የማግኘት መብት የላትም? ይህን አላልኩም፤ ዋጥኩት። የተዋጠ ነገር ደግሞ እኔ ሆድ ውስጥ አይፈጭም።

ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ሁለት የትራፊክ መብራት እንዳለፍን «ዳድ፣ ዩ ኢምባረስድ ሚ» አለች፤ አሳፈርከኝ ማለቷ ነው።

«ሽማግሌ መላክ ነውር ነው?»

«እኔ ራሴ ልነግራት ነበር» አለች፣ አሁን በአማርኛ። «የምለውን ጽፌ ፕራክቲስ አድርጌ ነበር። ነገ ልነግራት ነበር። አሁን ግን ሁሉም ሰው ቤት ሄጄ ያለቀስኩ ይመስለዋል።»

«ጓንቱን አገኘሽ አይደለም?»

«አንተ ነህ ያገኘኸው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እዚህ ድረስ የተናደድኩት በጓንት ነበር፤ አሁን ደግሞ በልጄ ተናደድኩ። የከበሩ ሰዎች ሥራ ፈትተው፣ ከረባት አስረው፣ ለአንቺ ቆመው፣ ምስጋናው ይህ ነው? ቤት እንደገባን «ነይ እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። ፊቷን አዙራ እጇን ዘረጋችልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ቀሚስ ክንድ እንደምለካ፣ ቀጥ አድርጌ ለካሁት። እንዴት ይሁንልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ቤዝመንት ወረድኩ፣ ጓንቱን በምላጭ ፈታሁ፣ መቀሱን አነሳሁ። የመርካቶው አስተማሪዬ ድምፅ መጥቶብኝ ነበር። በንዴት መቀስ አይያዝም። ያዝኩት።

በንዴት የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚያጠፋ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃል፤ ትርፍ አይተውም። ለስፌት የሚተወውን ጣት የሚያህል ጨርቅ ጭምር ቆርጦ ያነሳዋል፤ ያኔ ጥራት ይመስለዋል። ያንን ድርብ ጨርቅና ጎማ ከእጇ ልክ ጋር ጥርት አድርጌ፣ ክር እስኪቀር ድረስ አስጠግቼ ቆረጥኩት። በወፍራም መርፌ በእጄ ሰፋሁት። ስጨርስ እንዲህ ያለ ያማረ ጓንት አሜሪካ ውስጥ የለም ብዬ ነበር።

በማግስቱ አጠለቀችው። እጇ ላይ እንደ ቆዳዋ ተቀመጠ። እንደ መገረም አለች፤ ፈገግም ሳትል አልቀረችም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ ልታነሳ ጣቶቿን ስታጥፍ አልታጠፉላትም። አውራ ጣቷ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ዳድ» አለች በቀስታ፣ «የጠፈር ጓንት ለተዘረጋ እጅ አይሠራም። ነገር ለያዘ እጅ ነው የሚሠራው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እጁ ትንሽ ይታጠፍ የለ? እንደዚያ።» እጇን አሳየችኝ፤ ብሎን እንደያዘች አድርጋ ግማሽ አጥፋ።

አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ይህን ለመስማት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አስፈለገችኝ። «ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አልጠየቅከኝማ» አለች።

ማስፋት ነበረብኝ። የሚሰፋው ግን ትርፍ ሲኖር ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለጣቶቹ እንደምንም ትርፍ አገኘሁላቸው። የግራው አውራ ጣት ሥር ግን ለስፌት የቀረልኝ ጨርቅ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ነበር። እሱኑ ይዤ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ሰፋሁት፤ ስስበው ያዘ፤ ብዙ እንደማይቆይ ግን አውቄዋለሁ። ሌላ ጥንድ ልጠይቅ ይሆን? ሽማግሌ ልኬ፣ ጉራዬን ነዝቼ፣ ተመልሼ «አበላሸሁት» ልበል? አላልኩም። ለልጄም አልነገርኳትም። ይበቃል አልኩ በልቤ፤ ውሃ ነው፣ ጠፈር አይደለም።

ፈተናውን አለፈች። ሦስቱን ብሎን አንድም ሳይወድቅባት አሰረች። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትገባ «ናቲንግ» አላለችም።

የማሳያው ቀን ቅዳሜ ነበር። ገንዳው ዋይንላንድ ፓርክ አካባቢ ነው፤ ውስጡ ይሞቃል፣ የክሎሪን ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሦስቱ ሽማግሌዎችም መጡ፤ ያማለዱትን ጉዳይ ፍጻሜ ማየት አለባቸውና አሁንም ከረባት አስረዋል። ሚስቴና እኔ ከፊታቸው ተቀመጥን። ጥልቁ ውሃ ላይ ከነጭ ቱቦ የተሠራ እንደ መሰላል ያለ ነገር ተተክሏል፤ ግማሹ ከውሃ በላይ ነው። ልጆቹ ክብደትና ተንሳፋፊ ጃኬት ታጥቀው፣ ጭንቅላታቸው ከውሃ በላይ፣ እግራቸው ወለል ሳይነካ፣ በእጃቸው ብቻ እየሄዱ ነው የሚሠሩት። ዋናተኞች በግራና በቀኝ ይጠብቋቸዋል።

ልጄና አብራት የምትወጣው ረጅም ልጅ መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኦክስጅን እንደሚተነፍስ ሰው አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ተነፈሱ። አንዳንድ ወላጅ ስልኩን ማየት ጀመረ። ከዚያ አንዷ የሌላዋን ቁልፍ፣ ገመድ፣ ጓንት ተራ በተራ ነካክታ አየች። ረጅሟ ልጅ የልጄን ግራ አውራ ጣት ጫን አድርጋ ስታይ ትንፋሼን ያዝኩ። «ደህና ነው» አለች። ወደ ውሃው «ጠፈር» ወጡ።

የልጄን አካሄድ እንዴት ብዬ ልናገረው? መንጠቆውን አሰረች፣ ሳበችው፣ ያዘ፤ የኋላውን ፈታች። እንደገና። አንባቢዋ ልጅ «የመጀመሪያውን ብሎን እሰሪ» ስትል እሷ መልሳ «የመጀመሪያውን ብሎን አስራለሁ» ትላለች፣ ከዚያ ታስራለች። አንድ ጊዜ እንኳ አልቸኮለችም። የመጀመሪያው ታሰረ። «ጓንታችሁን እዩ» ተባለ። አዩ፤ ደህና ነው። ሁለተኛው ታሰረ። ሚስቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛዋለች። «ጓንታችሁን እዩ» ተባለ ለሁለተኛ ጊዜ።

ረጅሟ ልጅ አየች፣ ደህና ነው አለች። ልጄ ግራ እጇን ወደ ፊቷ አስጠግታ ቆየች። በጣም ቆየች። ከእኛ ቦታ ምንም አይታይም ነበር። ከመምህሯም ቦታ አይታይም ነበር። አንድ ብሎን ነው የቀራት። ዝም ብላ «ደህና ነው» ብትል በዚህ ምድር ላይ ማንም አያውቅም፤ ከእኔ በቀር።

«ግራ አውራ ጣት» አለች በእንግሊዝኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «ስፌቱ ተከፍቷል።»

አንባቢዋ ልጅ መምህሯን አየች። መምህሯ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ሥራው ቆሟል፤ ሁለታችሁም ግቡ» ተባለ በማይክሮፎኑ። ልጄ ሦስተኛውን ብሎን ወገቧ ላይ በታሰረው ቦርሳ ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት፣ መንጠቆዋን አሰረች፣ የኋላውን ፈታች፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ስትመለስም አልቸኮለችም።

ከኋላዬ ወንበር ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተነስተዋል። ታላቁ ከረባታቸውን እያስተካከሉ፣ «ይህማ አይሆንም፤ አንድ ብሎን ነው የቀራት። መምህሯን እኛ እናነጋግራታለን» አሉ፤ ባልደረባዬም እንግሊዝኛውን እያዘጋጀ ነው። እነሱ እንደተነሱ ሁለት ወላጆች ዘወር ብለው አዩን። በዚያች ቅጽበት ሰውነቴ ሁሉ የሚያውቀው ንዴት መጣ፤ ለሕፃን ልጅ፣ ለጨዋታ፣ ለአንዲት ክር ይህን ያህል? ግን ንዴቱ የሚያርፍበት ሰው ሲፈልግ መምህሯን አላገኘም፣ ልጄንም አላገኘም። የቆረጠው መቀስ የእኔ ነው። የደበቀውም አፍ የእኔ ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኛ እኮ…» አሉ ሽማግሌው።

«ይቀመጡ። ስፌቱ የእኔ ነው። ስሰፋው እንደማይዝ አውቄ ነበር።»

ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን ከከረባታቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከትለዋቸው ተቀመጡ። ሚስቴ ክንዴን ለቀቀችው።

ልጄ ፎጣ ተጠቅልላ፣ ውሃ እየተንጠባጠባት መጣች። ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር፤ እሷ ግን ወደ እኔ ብቻ ነው ያየችው። ጓንቱን አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ሱሪዬን አረጠበው። አውራ ጣቱ ሥር ጨርቁ ከክሩ ሸርተት ብሎ ወጥቷል፣ ልክ ይወጣል ብዬ ከፈራሁበት ቦታ።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ስትቆጣኝ ዳድ ነው የምትለኝ፤ አባዬ ካለችኝ ስንት ጊዜዋ ነው።

«አውቅ ነበር» አልኳት። «አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና እርጥብ ግራ እጇን ከፎጣው አውጥታ ጉልበቴ ላይ አደረገችው። አልዘረጋችውም። ብሎን እንደያዘች አድርጋ፣ ግማሽ አጥፋ።

«አሁን ለካው» አለችኝ።

ሜትር አልያዝኩም ነበር። በጣቴ ለካሁት።